እትዬ የሺ ዘሳትዋ

የእትዬ የሺን ማረፍ የሰማሁት የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ነው። ልጇ ትርሲት ከአዲስ አበባ ደወለችና፣ በስተርጅናዋ እሷ ዘንድ የገባችው እናቷ ሌሊቱን እንደተኛች ሳትጨነቅ ሳትጣጣር እንዳለፈች ነገረችኝ። ካውያውን አቁሜ ወንበር ፈለግሁ። ማዳም ገብታ ምን ሆንሽ ስትለኝ አክስቴ ሞታ ነው አልኳት። አክስቴ አልነበረችም፤ በሥጋም በትውልድ ቀዬም አንገናኝም። ነገር ግን እዚሁ ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር፣ አብራኝ የኖረች ሴት ናት ብላት፣ በይ እንግዲህ ሸሚዙን ጨርሺው እንደምትለኝ አውቃለሁ። ለእትዬ የሺ ደግሞ ቢያንስ የአንድ ከሰዓት ሐዘን ይገባታል።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ማስተር ረፊቅ ሱቅ ሄድኩ። ማስተር ረፊቅ ሳትዋ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ፓኪስታናዊ ነው። እትዬ የሺ የዕድሜዋን ግማሽ እሱ ዘንድ ስትዘመዝም፣ ቁልፍ ስትተክልና የሙሽራ ልብስ ላይ ዶቃ ስትሰፋ ነው የኖረችው። ስነግረው እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳ። አጠገቡ ያሉት ሰፊዎችም አንድ በአንድ አቆሙ። በዚያ ሱቅ ውስጥ መኪናዎቹ ለሶላት ካልሆነ በቀር ጸጥ ብለው አይቼ አላውቅም ነበር። ትንሽ ተቀምጠን ሻይ አዘዘልኝ፤ አልቅሼ ጠጣሁት።

እትዬ የሺ አጭር፣ ደርባባ፣ ስትራመድ ትንሽ ወደ ቀኝ የምታዘነብል ሴት ነበረች። የልኬት ሜትሯን እንደ ነጠላ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ነው የምትውለው። ከከንፈሯ መሐል ስፒል ስለማይጠፋ አብዛኛውን ነገር የምትናገረው በጥርሷ ነው። ስፒሏን የምታወጣው ስትቆጣ ብቻ ነበር። ስለዚህ እትዬ የሺ ስፒሏን ካወጣች እኛ ሴቶቹ ወደ በሩ ማየት እንጀምራለን።

እኔ ኮንትራቴን ጨርሼ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ ቢድ ስፔስ ማለት አንድ አልጋ ብቻ መከራየት መሆኑን እንኳ ሳላውቅ ነበር ሳትዋ የደረስኩት። እሷ ያለችበት ክፍል ውስጥ ባዶ አልጋ ተገኘልኝ። በመጀመሪያው ዓርብ፣ ያኔ ዕረፍቱ ዓርብ ነበር፣ እስኪበቃኝ ልተኛ ብዬ ስጠቀለል ብርድ ልብሴን ገፈፈችው። ዓይን ካላየበት ግንባር ነው፣ ተነሺ አለችኝ። ኧረ እትዬ የሺ እባክዎ ብላት፣ አንቱ የሚባለው ቄስና ፖሊስ ነው፣ እኔን አንቺ በይኝና ጫማሽን አድርጊ ብላ አስነሳችኝ። እየተነጫነጭኩ ተከተልኳት።

ዱባይን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሳትዋ ቢጥሉት ሌላ አገር የወረደ ይመስለዋል። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ መንገዶቹ ጠበብ ያሉ፣ ድመቱ ከሰው የሚበዛ፣ በየደጁ የኤሲ ውሃ ጠብ ጠብ የሚልበት ሰፈር ነው። አንዱ መንገድ ሙሉውን ልብስ ሰፊ ነው። አንዱ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ችግኝና አበባ በየእግረኛ መንገዱ ዘርግተው የሚሸጡ። ፊሊፒኖው፣ ሕንዱ፣ ፓኪስታኑ፣ ሐበሻው በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፤ የሚጣላው ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ነው።

አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር የመጀመሪያ ዕረፍቷን ለእትዬ የሺ ታስረክባለች። ጉብኝቱ ሁልጊዜ የሚጀመረው ከዳቦ ቤቱ ነው። ኢራናዊው ጋጋሪ ክንዱን እስከ ትከሻው እቶን ውስጥ ከትቶ የሚያወጣውን ሰፊ ዳቦ ለሁለት ትቆርስና ግማሹን ለእንግዳዋ ትሰጣለች። ቀጥላ የመስጊዱ ግንብ ላይ ከተገጠመው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ዘንድ ታቆማለች። እሷ ራሷ ከመጀመሪያ አሠሪዎቿ ቤት በወጣችበት ቀን፣ ለማንም ሳትናገር፣ ያለ ፓስፖርት፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ መጀመሪያ የጠጣችው ውሃ ያ ነው። እስላም ነሽ ክርስቲያን ነሽ ሳይል ያጠጣኝ ብላ ቧንቧውን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። እኔን ስታሳየኝም እንዲሁ አደረገች። ጠጪ አለችኝ፤ ባይጠማኝም ጠጣሁ።

ከዚያ የኡም ሰኢድ ግቢ ነበር። ኡም ሰኢድ የአገሩ ተወላጅ የሆነች አሮጊት ናት፤ ባሏ ሲሞት የግቢዋን ክፍሎች ለሴት ሠራተኞች ማከራየት ጀመረች። የመርከብ ሥዕል ያለበት ሰማያዊ የብረት በር፣ መሐል ላይ አንድ የኒም ዛፍ፣ ዙሪያውን ክፍሎች። እትዬ የሺ ረጅሙን ዘመኗን የኖረችው እዚያ ሲሆን እኔም መጀመሪያ የገባሁት እዚያው ነው። የሳትዋን ታሪክ የምታውቀውም ከኡም ሰኢድ አፍ ነበር። አሮጊቷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ግንብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቤቱ የዘንባባ ዝንጣፊ፣ መንገዱ አሸዋ፣ ውሃው በአህያ የሚመጣ ነበር። እትዬ የሺ ይህን ስታወራ በዓይኗ ያየችው ያህል ነው የምትተርከው።

ከግቢው ግንብ በላይ ያ በዓለም ረጅም የተባለው ሕንፃ ጫፉ ይታያል። አዲስ ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ፎቶ ሲያነሱት እትዬ የሺ ትታገሣለች። እሱ የመጣው እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው ትላለች፣ አዲስ ተከራይ ጎረቤት የገባ ያህል። እኛም ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የሺ ዘሳትዋ ብለን ስም አወጣንላት። በቀልድ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

አንድ ቀን ሰዎች መጡና በየግቢው ግንብ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉ። ቁጥር የተጻፈበት ይፈርሳል ተባለ። ጎረቤቱ ዕቃውን እየጫነ ሲወጣ እትዬ የሺ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳለች። ቀጥሎ ዓለም ሁሉ ገንዘብ አጣ ተባለና ማፍረሱ ቆመ። ሰዉ ኪሳራውን ሲያለቅስ እሷ የስለቷን ሻማ ገዝታ አስገባች። አንቺ ሴትዮ አገር ያከሰርሽው ለአንድ ክፍል ብለሽ ነው ወይ ስላት፣ ሳይደግስ አይጣላም ብላ ሳቀች። ዓመታት ተጨመሩልን። ኋላ ግን አልቀረም፤ ኡም ሰኢድ ሞተች፣ ልጆቿ ቦታውን ለቀቁ፣ አፍራሹ ማሽን መጣ። ወደ ጎረቤት ከተማ ውጪ፣ ሻርጃ ርካሽ ነው፣ አጅማን ደግሞ ከሱም ይረክሳል እያሉ ሲመክሯት፣ ሻርጃ ለሻርጆች አለችና ከማስተር ረፊቅ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር ገባች።

ስለ አሠራሯ ካልተናገርኩ እሷን አልተናገርኩም። ሳትዋ የሚኖሩ እናቶች አገር ቤት ላለ ልጃቸው ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ እጃቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ይህን ታክላለች ይላሉ። እጃቸው የሚያሳየው ጥለዋት በመጡ ቀን የነበረችበትን ቁመት ነው። ይህን ስሕተት የማትሠራ ስደተኛ እናት አላየሁም። ልጅቷ አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የእናት እጅ ግን እዚያው ጉልበት ላይ ነው። እትዬ የሺ በእጅ ልክ አትቆርጥም ነበር። ስልክ ደውላ ለቤተሰብ ታስነግራለች። እነሱ ልጁን አቁመው በክር ይለኩታል። አንድ ቋጠሮ ለትከሻ፣ አንድ ለእጅጌ፣ አንድ ለቁመት። ክሩ በነጋዴ እጅ ተጠቅልሎ ይመጣል። ከዚያ በፊት መቀስ አታነሳም። ልጅ ቆሞ አይጠብቅም ትላለች፤ ስንቷን እናት በዚህ ቃል እንዳስለቀሰች።

የራሷን ልጅ ትርሲትን ለታላቅ እኅቷ ለአስካለ ትታት የመጣችው ገና አፏን ስትፈታ ነው። ወረቀት አልባ ስለነበረች ለብዙ ዓመት መሄድ አልቻለችም። ምሕረት ሲወጣ ወረቀቷን አስተካክላ አንድ ጊዜ ሄደች። ልጅቷ ከአስካለ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ አላያትም አለች። በሦስተኛው ቀን አስካለን፣ እማዬ፣ እንግዳዋ መቼ ነው የምትሄደው ብላ ስትጠይቅ እትዬ የሺ ከጓዳ ሰማች። ይህን ስትነግረን ትስቃለች፤ እኛም እንስቃለን። ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር። ተመልሳ መጣች፣ ከዚያ ወዲያ እስከ እርጅናዋ አልሄደችም። ገንዘብ ትልካለች፣ በየበዓሉ ቀሚስ ትልካለች፣ አስካለም በክር ልኳን ትልክላት ነበር። ትርሲት ኮረዳ ሆና ሱሪ ስታበዛ ክሩም ቆመ።

ያቺ ልጅ ነበረች አድጋ ነጋዴ ሆና፣ ከጓደኛዋ ከሜሮን ጋር ከዱባይ፣ ከዴይራ ገበያ ዕቃ ልታነሳ የምትመጣው። በስልክ ለእናቷ የነገረቻት በአጭሩ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ብቅ እላለሁ። እትዬ የሺ ስልኩን ዘግታ ብቅ እላለሁ፣ ብቅ እላለሁ እያለች ክፍሏን ጠረገች። አንድ ከሰዓት ነበር ያላት። በዚያ አንድ ከሰዓት፣ ልጅቷ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ እሷ የት እንደነበረች ለልጇ ማስረዳት አለባት። ይህ ካልሆነ ሌላ ቀን እንደማይኖር ታውቀዋለች።

እኔ በበኩሌ ሞል ውሰጃት አልኳት። ያ የሚደንሰው ፏፏቴ አለ፣ ዓሣው በመስታወት ውስጥ አለ፣ አይስክሬም ጋብዣት፣ ኸላስ፣ በቃ። ስፒሏን አወጣች።

«ሞል የኔ አይደለም» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርሽ ብትለኝ ዓሣ ላሳያት? ሰፈሩን ነው የማሳያት።»

ቅዳሜ ዕለት መንገዱን ከእኔ ጋር ሄደችው፤ ሙሽራ የምታስገባ ነው የሚመስለው። እዚህ ጋ ጥላ አለ፣ እዚህ ጋ ቆሻሻ ገንዳ ስላለ በወዲያ እናዞራት፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታርፋለች። ውሃ ተሸካሚ ሆኜ ተሾምኩ። ማታውን ደግሞ የሰፋችውን ቀሚስ አሳየችኝ። ነጭ፣ ደረቱ ላይ ቅጠል የመሰለ ጥልፍ ያለበት፣ እጅ በአፍ የሚያስጭን ሥራ። በምን ልክ ቆረጥሽው አልኳት። በመጨረሻው ክር ነበር የቆረጠችው፣ ትርሲት ኮረዳ ሳለች በመጣው፣ ትንሽ አስፍታ። እትዬ የሺ፣ ደውለሽ አትጠይቂያትም ነበር አልኳት።

«ልጄን ልክሽ ስንት ነው ልበላት?» አለችኝ። «እናት ነኝ ብዬ ተቀምጬ?»

የሌላዋን እናት ሁሉ እጅ እያረመች የራሷን እጅ እዚያው ላይ ትታዋለች። አሳዘነችኝ፤ ወደድኳትም፤ ደግሞም እንደ ልጅ ጀርባዋን ልመታት ፈለግሁ።

እሑድ ትርሲት በታክሲ መጣች። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰቀለች፣ ጨዋ። ጨዋነቷ ነው የጎዳን። እንደምን ነዎት እትዬ የሺ ብላ ጉንጯን አስነካቻትና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማስተር ረፊቅ ሱቁን ለእሷ ብሎ አስጠርጎ፣ ሻይና ሳምቡሳ አስመጥቶ፣ በሰባራ ዐረብኛ እናትሽ ለኔ እኅት ናት ሲላትና ስተረጉምላት ፈገግ ብላ አመሰገነች። ስለ እማዬ፣ ማለት ስለ አስካለ፣ ጤና ተወራ። ስለ ዕቃ ተወራ። ከምሽቱ በፊት ሜሮን ሞል እንደምትጠብቃት፣ ፏፏቴውን አብረው እንደሚያዩ ነገረችን። እትዬ የሺ ይህን ስትሰማ ቶሎ ተነሥታ ቀሚሱን አመጣች።

ትርሲት መጋረጃው ኋላ ገባች። ጠበቅን። የልብስ መንሸራተት ተሰማ፣ ቆመ፣ እንደገና ተሰማ። ስትወጣ የራሷን ልብስ እንደለበሰች፣ ቀሚሱን ክንዷ ላይ አድርጋ ነበር።

«በጣም ያምራል» አለች። «ለታናሽ እኅቴ ልውሰደው፤ ለሷ ልኳ ነው።»

ታናሽ እኅቴ ያለቻት የአስካለን ልጅ ነው። እትዬ የሺ ቀሚሱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ የትከሻውን ስፌት በጣቷ ተከተለች፣ አጣጠፈችው። ልጅ ቆሞ አይጠብቅም አለች ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። ማስተር ረፊቅ አማርኛ አያውቅም፤ ግን ፊቱን ወደ መኪናው መለሰ። እኔ የውሃ ጠርሙሶቼን አነሳሁ፣ ያላ እንሂድ አልኩ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

ጉብኝቱ መጀመሪያ ላይ እኔን እንኳ አሳፈረኝ። ዳቦው ተቆረሰ፤ ትርሲት ሱሪዋ ላይ ሰሊጥ እንዳይወድቅ ከሰውነቷ አርቃ ያዘችው። ችግኝ መሸጫው ጋ ሕንዱ ሻጭ ማማ የሺ ብሎ አንድ ጽጌረዳ ሰጣት። ፀጉር ቤቱ ጋ ፊሊፒኖዎቹ ወጥተው ማማ የሺ፣ ልጅሽ ነች ወይ እያሉ ትርሲትን ከበቧት። የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ሽማግሌ ሥራውን ጥሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። በየአሥር እርምጃው ማማ፣ ማማ። እትዬ የሺ ደስ ብሏት እያንዳንዱን ታስተዋውቃለች፤ ይህ ልጅ ሚስቱ ስትወልድ እንዲህ ሆኖ፣ ይቺኛዋ ታማ እንዲህ አድርጌ። እኔ ግን የትርሲትን ፊት ነበር የማየው። የመስጊዱ ውሃ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ለሰፈሩ ሁሉ እናት ነበሩ ማለት ነው» አለች።

በጨዋ ድምፅ ነው ያለችው፤ ግን ቢላዋ ነበር። እትዬ የሺ ስለ ቧንቧው ልትናገር የከፈተችውን አፏን ዘጋች። መዳፏ ቧንቧው ላይ እንዳለ ቀረ። እዚያ ጋ የሺ ዘሳትዋ አርጅታ ታየችኝ። በልቤ ይህችን ልጅ ታክሲ መያዣው መንገድ ላይ አውጥቼ ወደ ፏፏቴዋ ልሸኛት አልኩ። ደግሞ ልጅቷ ምን አጠፋች? የተናገረችው እኮ እውነት ነው። ሁለቱንም መውቀስ ስላልቻልኩ ለሁለቱም ውሃ ሰጠኋቸው።

«አንድ ቦታ ቀርቶኛል» አለች እትዬ የሺ። «እሱን አሳይሽና ትሄጃለሽ።»

የኡም ሰኢድ ግቢ ወደነበረበት ወሰደችን። አሁን ባዶ መሬት ነው። ሰዎች መኪና ያቆሙበታል፣ ድመቶች ይተኙበታል፣ ከአንድ ጥግ የግንቡ ስባሪ ከነቀለም ቁጥሩ ቆሞ ቀርቷል። ዛፉም የለም። ትርሲት ዙሪያዋን አየች፤ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ከሩቅ የሚታየውን ረጅም ሕንፃ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። እትዬ የሺ ግን መሐል ገብታ መራመድ ጀመረች። በሩ እዚህ ነበር። እዚህ ወጥ ቤት፣ ተራ ጠብቀን የምናበስልበት። እዚህ የኔ ክፍል፣ አልጋዬ ከግድግዳው ጋር፣ ሥዕለ ማርያም ከራስጌ። ጫማዋ አሸዋው ላይ እያሰመረ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሠራቻቸው። ደረጃ የነበረበት ጋ እግሯን ከፍ አድርጋ ትረግጣለች፤ ደረጃ ግን የለም። ከዚያ ወደ ግንቡ ስባሪ ሄዳ ቆመች።

«እዚህ ጋ የውሃ ታንከር ነበር» አለች። «ሴቶቹ ስለሚንጫጩ አገር ቤት የምደውለው እዚህ ቆሜ ነው። አንቺ ታነሺዋለሽ። እትዬ አስካለ አለች ወይ ስልሽ ስልኩን ጥለሽ ትሮጫለሽ። የእግርሽ ኮቴ ይሰማኛል። መጀመሪያ ባዶ እግርሽን ነበርሽ። ኋላ ነጠላ ጫማ መጣ። ኋላ የትምህርት ቤት ጫማ። አንድ ቀን ተረከዝ ያለው ሰማሁና ልጄ አደገች አልኩ። በክሩም አይደለም፣ በፎቶውም አይደለም። በእግርሽ ነው የማውቅሽ።»

ትርሲት ስልኳን አወረደች። ድመት አልፋ ሄደች። እኔ ጠርሙሶቼን ታቅፌ፣ ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ፣ ይህ የኔ ጉዳይ አይደለም እያልኩ ነበር። በመጨረሻ ትርሲት መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ እጇ ላይ ታገላብጠው ጀመር።

«ርቄ አልሄድም ነበር» አለች። «እማዬን ጠርቼ ከበሩ ኋላ እቆማለሁ። የሷን መልስ እየሰማሁ እርስዎ ምን እንዳሉ እገምት ነበር። አዎ ደህና ናት ካለች ስለኔ ጠይቀዋል ማለት ነው። እሱን ሳልሰማ አልሄድም።»

እትዬ የሺ ሁልጊዜ ነበር የምጠይቃት አለች። ትርሲት አውቃለሁ አለች። ከዚያ ጫማዋ አሸዋ እየገባበት መጥታ፣ የት ጋ ነበር የሚቆሙት ብላ ጠየቀች። እትዬ የሺ ፈቀቅ ብላ ቦታውን ለቀቀችላት። ልጅቷ እዚያ ቆመች፣ ግንቡን ተደግፋ፣ እናቷ ስትደውል ታየው የነበረውን አየች፤ አሁን መኪና ማቆሚያ ነው። ሁለቱም ከጎን ሲታዩ የአገጫቸው አጣጣል አንድ ነበር፤ እኔ እስከዚያ ሰዓት አላየሁትም። እትዬ የሺ እጇን ዘርግታ የልጇን ትከሻ ያዘች፣ አንዱን ጫፍ፣ ከዚያ ሌላውን። ትርሲት አልሸሸችም።

የትርሲት ስልክ ጮኸ። ሜሮን ነበረች፣ ሞል ደርሳ። ድምፅዋ ለእኔም እስኪሰማ ትቆጣለች፤ ፏፏቴው ሊጀምር ነው፣ ሰው ሞልቷል፣ የት ነው ያለሽው።

«አልመጣም» አለች ትርሲት። «እናቴ ሰፈር ነኝ።»

ሜሮን የት ነው እሱ ደግሞ ሳትላት አልቀረችም። ትርሲት ግራ ቀኟን አየች፣ ባዶውን መሬት አየች፣ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ለእትዬ የሺ ሰጠቻት።

«ነይ እያልኳት ነው፣ መንገዱን አንቺ ንገሪያት።»

እትዬ የሺ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያ ለማታውቃት ልጅ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ስትወርጂ ብላ ጀመረች።